በሰናህ ድምፅ የጠራኝ

በእኛ መንደር ስለ እኔ የሚወራ አንድ ታሪክ አለ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ልጆቹ ከጨዋታ አንመለስም ካሉ፣ እናቶቻቸው በጣታቸው ወደ በረንዳዬ ይጠቁሙና «ሂዱ፣ ቶክ ያህን ጠይቋት! ጫካው በስሟ ጠርቷታል። እሷ ብልጥ ስለነበረች ዝም አለችው፤ እናንተ ግን አቤት ትሉና ይዟችሁ ይሄዳል!» ይሏቸዋል። ቶክ ያህ፣ አያት ያህ ማለት ነው፣ እኔ ነኝ። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ያዩኛል። እኔም ራሴን ነቅነቅ አድርጌ ዝም እላለሁ፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።

አሁን ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው። ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎኛል፣ ጥርሴም ግማሹ የለም፣ ብልጥ እየተባልኩ መሞት ደግሞ አልፈልግም። ታሪኩ እነሱ እንደሚያወሩት አይደለም።

ያኔ አሥር ዓመቴ ነበር። መንደራችን ወንዙ ከባሕሩ ጋር የሚገናኝበት ላይ በእንጨት እግር ቆሟል። ከቤት ወደ ቤት የምንሄደው በሳንቃ መተላለፊያ ነው። ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ከወለላችን ሥር ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ሲጎድል ጭቃው ወገቡን ያወጣል፤ ያኔ ሴቶቹ በሰሌዳ ላይ ተንበርክከው እየተንሸራተቱ ሥጋው የሚበላ ዛጎል ይለቅማሉ። ከመንደሩ ጫፍ አንድ ቦይ አለ፤ ከቦዩ ማዶ ባካው የምንለው ጫካ ይጀምራል። የባካው ዛፍ ሥሩ ከጭቃው በላይ ነው፤ ሸረሪት በእግሮቿ እንደቆመች ሁሉ ይቆማል። እዚያ ልጅ አይሄድም። ለምን እንደማይሄድ የሚጠይቅም አልነበረም።

ወንዶች ልጆች ሞልተዋል። ሴት ልጅ ግን በዚያ ዓመት እኔና ሰናህ ብቻ ነበርን፤ የቀሩት ወይ ታዝለዋል ወይ ተድረዋል። ሰናህ አክስቴ የምላት የዛጎል ለቃሚዋ የቲጃህ ልጅ ናት። በሦስት ወር ታንሰኛለች፣ በምላስ ግን በሦስት ዓመት ትበልጠኛለች። ብይ ስንጫወት ታጭበረብራለች፤ ሲነቃባት ደግሞ እሷው ቀድማ ትቆጣለች። ድምፅዋ ወፍራም ነበር፣ ከሆዷ የሚወጣ። ከመስጊዱ ደጃፍ ስትጠራኝ እኛ ወጥ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር።

የምንወደው ጨዋታ የጣሳ ድብብቆሽ ነው። ባዶ የወተት ጣሳ ክብ ውስጥ ይቀመጣል። ጠባቂው ዓይኑን ጨፍኖ ይቆጥራል፣ ሌላው ይደበቃል። ጠባቂው አንዱን ካየ ስሙን ጠርቶ ጣሳውን በእግሩ ይነካል፤ ያ ልጅ ተይዟል። ያልተያዘ ልጅ ሮጦ ጣሳውን ከመታው ግን የተያዙት ሁሉ ነፃ ይወጣሉ፣ ጠባቂውም እንደገና ይጠብቃል። የዓሣ ማስጫው መድረክ ላይ ከአስር ሰዓት ጀምሮ የመስጊዱ ከበሮ ለመግሪብ ሰላት እስኪመታ እንጫወት ነበር። ከከበሮው በኋላ መጫወት የለም።

ለምን እንደሌለ የነገረኝ የእናቴ አባት ቶክ ደሪስ ነበሩ። ጀልባ ሠሪ ነበሩ፤ ባሕሩን እንደ ግቢያቸው ያውቁታል። «ያህ» ብለውኛል፣ «ሲመሻሽ ከባካው ውስጥ በስምሽ ቢጠራሽ አቤት እንዳትዪ። ያ ነገር የምትወጂውን ሰው ድምፅ ይወስዳል። ግን ትንፋሹ ለሁለት ጊዜ ብቻ ነው የሚበቃው። ሰው ከሆነ ሦስተኛውን ይጠራሻል። ሦስተኛውን ጠብቂ።» ያ ነገር አሉ እንጂ ስሙን አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ እናቴ እንኳ ስትጠራኝ በልቤ እቆጥር ነበር።

ነገሩ በሆነበት ቀን ዕጣው እኔ ላይ ወጣ።

«ያህ ናት ጠባቂዋ!» አለ ጃሊ። ጃሊ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የሁላችን አለቃ ያደረገው ሰው ባይኖርም ራሱን አድርጓል። «እንደ ትናንቱ እንዳታለቅሺ ብቻ!»

«አላለቀስኩም! ጨው ገብቶብኝ ነው!»

«አዎ፣ ከአፍንጫሽ የሚወርደው ጨው!»

ሁሉም ሳቁ። ሰናህ አልሳቀችም፤ ሽርጧን ወደ ላይ ሰብስባ ወገቧ ላይ ቋጠረችና ወደ ጆሮዬ ተጠጋች። ሁልጊዜ መጀመሪያ የምትያዘው እሷ ነበረች፤ ሳቋን መቋጠር አትችልም። «ዛሬ ካገኘሽኝ ስሜን እቀይራለሁ» አለችኝ።

«ምን ብለሽ?»

«ድመት በዪኝ።»

ግንባሬን ምሰሶው ላይ ደግፌ እስከ ሃምሳ ቆጠርኩ። እግሮቻቸው ሳንቃውን ሲያንቋቋው ሰማሁ፤ ከዚያ ጸጥ አለ። ጃሊን ከመረብ ክምር ሥር አገኘሁት፣ ወንድሙን ከበርሜል ጀርባ። ሌሎቹንም አንድ በአንድ ለቀምኳቸው። ሰናህ የለችም። ጣሳውን ትመታለች ብዬ ዓይኔን ሳልነቅል ጠበቅኩ። አልመጣችም።

«ቤቷ ሄዳለች፣ አጭበርባሪ!» አለ ጃሊ። ሰማዩ የበሰለ ዱባ መስሎ ነበር። «እኛ ሄድን፣ ከበሮው ሊመታ ነው።»

«ትንሽ ጠብቁኝ፣ አብረን እንፈልጋት።»

«ጠባቂዋ አንቺ፣ ፈላጊዋ አንቺ!» ብሎኝ ሮጠ። ሌሎቹም ተከተሉት። የነጠላ ጫማቸው ድምፅ እየራቀ እየራቀ ሄደና ጠፋ።

ብቻዬን ቀረሁ። እውነቱን ለመናገር እኔም መሄድ ነበረብኝ። ግን ሰናህ የሆነ ቦታ አፏን ይዛ እየሳቀችብኝ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ይሄ አናደደኝ። በመተላለፊያው እየሄድኩ በየቤቱ ሥር እያጎነበስኩ እስከ መጨረሻው ሳንቃ ደረስኩ። ከዚያ በኋላ ቦዩ ነው። ቦዩ መሃል ላይ ከብዙ ዘመን በፊት የተሰበረ የጀልባ አካል ጭቃ ውስጥ ተተክሎ ይታያል፤ ከሱ ማዶ ባካው ጨልሟል። ውሃው መመለስ ጀምሯል። በጭቃው ላይ ቀስ ብሎ ሲሳብ ይታየኝ ነበር።

«ያህ!»

አንዴ ብቻ። ከባካው በኩል።

ድምፁ የሰናህ ነው፤ ግን ደግሞ አይደለም። የሰናህ ድምፅ ወፍራም ነው ብያችኋለሁ። ይሄ ቀጭን ነበር፣ ደረቱን የሆነ ነገር የረገጠው ሰው ድምፅ። አፌ አቤት ሊል ተከፈተ፤ በእጄ ያዝኩት። አንድ፣ አልኩ በልቤ።

ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር አላየሁም። ሸርጣኖቹ እንኳ ጉድጓዳቸው ገብተዋል።

«ያ…ህ!»

ሁለት። ይሄኛው ከፊተኛው ይበልጥ ቀጭን ነው። ከእንግዲህ ሦስተኛው ይመጣል ወይም አይመጣም። ካልመጣ ያ ነገር ነው፤ ስሜን ያውቃል፣ የት እንደቆምኩም ያውቃል። ከመጣስ? ከመጣ ወደዚያ መሄድ አለብኝ፣ ወደ ጨለማው፣ ብቻዬን።

ለመናገር የከበደኝ ነገር ይሄ ነው፤ ሃምሳ ዓመት ለማንም ያልነገርኩት። ሦስተኛውን አልጠበቅኩም። ሁለቱን ጣቶቼን ሁለቱ ጆሮዎቼ ውስጥ እስኪያመኝ ድረስ ከትቼ ዞር ብዬ ሮጥኩ። ሳንቃው በእግሬ ሥር ይዘላል። ከበሮው መመታቱን የሰማሁት በጆሮዬ ሳይሆን በጥርሴ ነው። ደጃፋችን እስክደርስ ጣቶቼን አላወጣሁም።

«የት ነበርሽ አንቺ ቀበጥ?» አለችኝ እናቴ። «ፊትሽ ምን ሆኗል?»

«ምንም።»

«ምንም ይሄን ይመስላል? እግርሽን ታጠቢና ነይ፣ ሰላት እንዳያልፈን።»

ከእናቴ ኋላ ቆምኩ። እሷ ስትሰግድ ሰገድኩ፣ እሷ ስትነሣ ተነሣሁ፤ ቃሉ ግን አንድም አልመጣልኝ። ግንባሬን ምንጣፉ ላይ ስደፋ ከወለሉ ሥር ውሃው ምሰሶዎቹን ሲልስ እሰማለሁ። ሰናህ ቤቷ ናት፣ አልኩ ለራሴ። ሩዟን እየበላች ነው። ነገ ትስቅብኛለች።

ሰላቱ እንዳለቀ አክስቴ ቲጃህ በሩ ላይ ቆመች። እጇ ላይ ያለው የዛጎል ጭቃ ገና አልታጠበም። «እህቴ፣ ሰናህ እናንተ ጋ ናት?»

«እዚህስ የለችም» አለች እናቴና ወደ እኔ ዞረች። «ያህ፣ አብራችሁ አልነበራችሁም?»

«ነበርን። ከዚያ… ተደበቀች።»

«የት ተደበቀች?» አለች አክስቴ ቲጃህ።

«አላየሁም።»

ውሸት አልተናገርኩም። አላየሁም። የሰማሁትን ግን ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርኩም። ልጅ ሆናችሁ እንደዚያ ፈርታችሁ ታውቃላችሁ? የሰማሁት ያ ነገር ከሆነ ስለሱ ባወራ ቤታችን ድረስ ይከተለኛል። የሰማሁት ሰናህ ከሆነች ደግሞ ጓደኛዬን ጥዬ የሸሸሁ እኔ ነኝ። በየትኛውም በኩል ጠፍቻለሁ። ስለዚህ ያ ነገር እንዲሆን ተመኘሁ። አዎ፣ ተመኘሁ! ሰናህ በሆነ ቤት ተቀምጣ እንድትገኝ፣ የጠራኝ ጋኔን እንዲሆን።

ጃሊ ደግሞ ሲጠየቅ በመቃብሩ በኩል ስትሮጥ ያየኋት መሰለኝ አለ። አላያትም፤ ዝም ብሎ ሰው ሆኖ መገኘት ፈልጎ ነው። ግን ይሄ በቂ ነበር። በመቃብሩ አጠገብ ትልቁ የዋርካ ዛፍ አለ፤ ልጅ በመሸ ሰዓት ሲጫወት ከጠፋ እዚያ ያለው ጋኔን ሸሽጎት ነው ይባላል፣ የሚለቀውም በጩኸት ብቻ ነው። ወንዶቹ ፋኖስ፣ ሴቶቹ ድስትና ትሪ ይዘው ወጡ። እናቴ የእኛን ትልቅ ብረት ድስትና ጭልፋ አንሥታ «ከቶክ ጋር ቁጭ በዪ፣ ከቤት ንቅንቅ እንዳትዪ» ብላኝ ሄደች። ትንሽ ቆይቶ ጩኸቱ ተነሣ። ድስት ይደበደባል፣ ትሪ ይንኳኳል፣ ወንዶቹ «ልጃችንን መልስ!» ይላሉ። በዚያ ጩኸት መሃል ከባካው ውስጥ ሰው ቢጠራ ማን ይሰማዋል?

ወለሉ ላይ በሆዴ ተኛሁና በሳንቃዎቹ ክፍተት ወደ ታች አየሁ። የመሰላላችን ደረጃ ስምንት ነው። ውሃው ሦስተኛውን ሸፍኗል። ውሃው አራተኛው ላይ ሲደርስ፣ ታች ጭቃው ላይ ብቆም ወገቤ ድረስ ነው። ስድስተኛው አገጬ ነው። ይሄን ሁላችንም እናውቃለን፤ በየዓመቱ ማን እንዳደገ የምንለካው በመሰላል ነው። እያየሁት አራተኛው ረጠበ።

ተነሣሁ። ቶክ ደሪስ በረንዳው ላይ መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። እግራቸው ስለሚያብጥ ከሕዝቡ ጋር አልሄዱም።

«ቶክ» አልኳቸው። «ቶክ፣ ጠርቶኛል።»

መቁጠሪያው ቆመ። «ማን?»

«አላውቅም። በሰናህ ድምፅ። ከባካው። ከበሮው ሳይመታ በፊት።»

«አቤት አልሽ?»

«አላልኩም።»

«ስንት ጊዜ?»

«ሁለት።»

«ሦስተኛውስ?»

በዚያች ቅጽበት ልናገር እችል ነበር። «አልሰማሁም» አልኩ።

ቶክ ደሪስ ወደ ባካው አቅጣጫ አዩ። ሲጨነቁ እንደሚያደርጉት ከንፈራቸውን ወደ ውስጥ ሳቡት። እኔን ያስፈሩኝ እሳቸው ነበሩ፤ አሁን ግን እሳቸውም ፈርተው አየኋቸው፣ ይሄ ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ አስፈራኝ። በመጨረሻ ታንኳ የሚገፉበትን ረጅም ቀርከሃ ከግድግዳ አወረዱ። «ያ ነገር ከሆነ ሁለታችንን ይውሰደን» አሉ። «ልጅ ከሆነች ግን ውሃው ቆጥሮ አይመጣም። ፋኖሱን ያዢ።»

ታንኳዋን ፈታን። ሌላ ሰው ለመጥራት ቢሞክሩም በዚያ የድስት ጩኸት ማንም አልሰማቸውም። ቦዩ አሁን ጭቃ የለውም፤ ሁሉም ጥቁር ውሃ ነው። ፋኖሱ ከታንኳዋ ጋር ይወዛወዛል፤ የባካው ሥሮች ጥላ እየረዘመ እያጠረ ወደኛ የሚራመድ ይመስለኛል።

«ቶክ፣ እንጥራት?»

«እዚህ ስም አይጠራም። ስሟን ይወስደዋል።» የታንኳዋን ጎን በቀርከሃው ሦስቴ መቱ። ጠበቅን። ከመንደሩ ድስት፣ ትሪ፣ ድስት። እንደገና መቱ። ምንም የለም።

«ሰናህ!» ብዬ ጮህኩ።

«ዝም በዪ አንቺ ልጅ!»

«ሰናህ! ሰናህ! እኔ ነኝ! ያህ ነኝ!» ከዚያ በኋላ ማቆም አልቻልኩም። ቶክ ሽርጤን ይዘው ጎተቱኝ፤ እኔ ግን ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ እጮሃለሁ። ይውሰደኝ ብያለሁ። ስሟንም ስሜንም ይውሰድ።

ውሃ በመዳፍ ሲመታ ሰማን። ጷ፣ ጷ። ከተሰበረው ጀልባ ጀርባ።

ፋኖሱን ዘረጋሁ። መጀመሪያ ያየሁት ፊት ብቻ ነው፣ ወደ ሰማይ የተገለበጠ፣ ውሃው አገጩ ላይ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ያን ጊዜ እንኳ ያ ነገር ነው ብዬ ወደ ኋላ አልኩ። ከዚያ አንድ እጇን አየሁ፤ የጀልባውን እንጨት ይዛለች፣ ጥፍሯ ደምቷል። ከጀልባው ጀርባ ልትደበቅ በጭቃው ስትሻገር ማጥ እስከ ጭኗ ውጧት ነበር።

«እንዳትጎትቻት!» አሉ ቶክ ደሪስ። «ማጥ ስትጎትቺው ያጠብቃል። ውሃ ሲገባበት ነው የሚለቅ።» ገመድ በብብቷ ሥር አሳልፈው ከታንኳዋ ጋር አሰሩ። ቀርከሃውን በእግሯ ጎን ወደ ጭቃው ሰደው መነቅነቅ ጀመሩ። «ጭንቅላቷን ያዢ። አፍንጫዋ ከውሃ በላይ ይሁን። ሌላ ሥራ የለሽም።»

ታንኳዋ አፍ ላይ በሆዴ ተኝቼ ፊቷን በሁለት እጄ ያዝኩ። ውሃው ከንፈሯን ሸፈነ። በአፍንጫዋ ትተነፍሳለች፤ ሞገድ ሲመጣ ትታፈናለች፣ ሲያልፍ ታስነጥሳለች። ዓይኖቿ ዓይኖቼ ላይ ናቸው፣ አንድ ስንዝር በማይሞላ ርቀት። አልለቀቁኝም። እኔ «ቶሎ በሉ፣ ቶሎ በሉ ቶክ» እላለሁ፤ ቶክ ያቃስታሉ፤ ቀርከሃው ሲጥ ሲጥ ይላል። ከአፍንጫዋ ቀዳዳ በታች ውሃው እየጨመረ ሲመጣ፣ ጆሮዬን የደፈንኩባቸው ጣቶች እነዚህ ናቸው ብዬ አሰብኩ። ቆርጬ ብጥላቸው ደስ ባለኝ።

ከዚያ ጭቃው አንድ ትልቅ አረፋ ተፋና ለቀቃት።

ቤቷ ስንደርስ መንደሩ ሁሉ ድስቱን እንደያዘ መጥቶ ነበር። ሰናህን በሦስት ሽርጥ ጠቅልለው ግድግዳ አስደግፈዋታል። አክስቴ ቲጃህ አንዴ ትስማታለች፣ አንዴ ትመታታለች። የሞቀ የሩዝ ውሃ አጠጧት። ቶክ ደሪስ ልብሳቸው እንደረጠበ ከፊቷ ተቀመጡ።

«ልጄ» አሏት፣ «ያህን ጠርተሻት ነበር?»

እኔ ከእናቴ ጀርባ ነበርኩ። ሰናህ አንገቷን ቀና አድርጋ ፈለገችኝ፣ አገኘችኝም። አሁን ትናገራለች። አሁን ሁሉም ወደ እኔ ይዞራል።

«አልጠራሁም» አለች። ድምፅዋ የሚሰማው እንደ ሹክሹክታ ነው። «ማንንም አልጠራሁም።»

ሴቶቹ በአንድ አፍ «አስተግፊሩላህ!» አሉ። ቶክ ደሪስ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እናቴ ዞራ አቀፈችኝና «ልጄን ሊወስዳት ነበር! እሱ ነበር የጠራት!» ብላ አለቀሰች። ያ ታሪክ የተወለደው እዚያው ነው፤ ፀሐይ ሳትወጣ በወንዙ ዳር ያሉ መንደሮች ሁሉ ሰምተውታል። እኔ ብልጧ ልጅ ሆንኩ።

ሰናህስ? «ይቺ ደንቆሮ!» አለች አክስቴ ቲጃህ። «ውሃ ሲውጥሽ አፍ አልነበረሽም? ዶሮ እንኳ ሲያርዷት ትጮሃለች!» በማግስቱ ጃሊ ድዳዋ ብሎ ጠራት። ስሙ ተጣበቀባት። ድዳዋ ሰናህ። በሠርጓ ቀን ሰዎች «ሙሽራዋ ድዳ ናት፣ እሺታዋን በምን እንወቅ?» እያሉ ቀለዱ፤ እሷም አብራ ሳቀች። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ነበር። ዝም አልኩ።

ያን ያህል ዓመት ስንኖር አንድም ቀን ስለዚያ አላወራንም። ብይ ተጫውተናል፣ ልጅ ወልደናል፣ ባሎቻችንን ቀብረናል። አንዳንዴ እኔ ራሴ ማመን ይቃጣኝ ነበር፤ አልጠራሁም ብላለች፣ እንግዲያ የጠራኝ ያ ነገር ነው። ማመኑ ይቀለኛል። ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ ለጓደኛው ግን ምን ያደርጋል?

ባለፈው ወር የልጅ ልጄ ከሳንቃው ወድቃ ቁርጭምጭሚቷ ዞረ። ሲመሻሽ ነው። ጓደኛዋ ከላይ ቆማ ነበር። የልጅ ልጄ ትጠራታለች፣ ጓደኛዋ ዝም። በኋላ ስንጠይቃት ደረቷን ነፍታ «ሁለቴ ብቻ ነው የጠራችኝ፤ እኔ እንደ ቶክ ያህ ብልጥ ነኝ» አለችን። ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን ያን ሌሊት ዓይኔ አልተከደነም።

ጠዋት ሰናህ ቤት ሄድኩ። በረንዳዋ ላይ ዛጎል ትለቅማለች፤ የሞተውን ትጥላለች፣ ደህናውን ቅርጫት ውስጥ ትጨምራለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ሰናህ።»

«አቤት።»

«ያን ቀን… ጆሮዬን ደፍኜ ነበር። በጣቴ። ሦስተኛውን እንዳልሰማ።»

እጇ አላቆመም። «አውቃለሁ» አለች። «አየሁሽ።»

«ከየት?»

«ከጀልባው ጀርባ ነዋ! አንቺ ሳንቃው ጫፍ ላይ ተገትረሻል። ጣትሽን ስትከቺ አየሁ። ስትሮጪ አንድ ጫማሽ ወለቀ፤ እሱንም ትተሽው ሄድሽ።»

የጫማውን ነገር እኔ ረስቼው ነበር።

«ስንቴ ጠራሽኝ?»

«ማን ቆጠረ? ድምፄ እስኪዘጋ።»

እንባዬ መጣ። አፈርኩ፣ ተናደድኩም፤ በማን እንደተናደድኩ አላውቅም። «ታዲያ ለምን አልጠራሁም አልሽ? ሃምሳ ዓመት ሙሉ ድዳ ሲሉሽ! በሠርግሽ ቀን እንኳ! አንድ ቃል ብትናገሪ እኮ…»

«ወይ አንቺ ሴትዮ፣ አሁን ምን ያስጮህሻል? ሰው ይሰማል።»

«ንገሪኝ!»

አንድ ዛጎል ወደ ጆሮዋ አስጠግታ አንቀጫቀጨችው፤ የሞተ ነው፣ ወደ ውሃው ወረወረችው። ከዚያ የማይገባው ሕፃን እንደጠየቃት ሁሉ አየችኝ።

«ብናገር ኖሮ እናቴ ሁለተኛ ከአንቺ ጋር አታገናኘኝም ነበር» አለች። «ታዲያ ከማን ጋር ልጫወት?»